ቅጠሉ በየትኛው መንገድ ተነፈሰ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳያናይድ ትንፋሽ ያቆማል ብለን ተምረናል። መምህራችን ግን ዕፅዋት ሌላ መንገድ ስላላቸው ጨርሰው አይቆሙም አሉን። መርዝ ያልነካው ቅጠል ኦክስጅኑን በየትኛው መንገድ እንደተጠቀመበት በምን ይታወቃል?
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ተማሪ ሳለሁ የለፋሁበት ነገር ነው።

መምህራችሁ ልክ ናቸው። ሳያናይድ የሚዘጋው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። አማራጭ ኦክሲዴዝ የሚባለውን ግን አይበግረውም። በዚህኛው በኩል ሲኬድ ታዲያ አብዛኛው ጉልበት ኤቲፒ (ሴል ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል) ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ድሮ አንዱን በመርዝ ዘግተው ሌላውን ይለኩ ነበር። የዓባይን አሮጌ ድልድይ ብትዘጊው መኪናው ሁሉ ወደ አዲሱ ይጎርፋል። በደህናው ቀን ስንቱ በየትኛው ያልፍ እንደነበር ግን አታውቂም።

መፍትሔው ከራሱ ከኦክስጅን ተገኘ። ከ1000 የኦክስጅን አቶሞች 2 ያህሉ ከባዱ ኦክስጅን 18 ናቸው። ሁለቱም ኢንዛይሞች ቀላሉን ኦክስጅን 16 ይመርጣሉ፤ አማራጩ ግን ይብስበታል። ሁለት ሴቶች ከአንድ ሰፌድ ስንዴ እየለቀሙ ሲወስዱ አስቢ። አንዷ እንክርዳዱንም ቀላቅላ ታፍሳለች፣ ሌላዋ መራጭ ናት። የትኛዋ እንደወሰደች ሰፌዱ ላይ የቀረው እንክርዳድ ይነግርሻል።

ስለዚህ ቅጠሉን አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ጨለማ ውስጥ እንዘጋበታለን። ብርሃን ካገኘ ራሱ ኦክስጅን እያመረተ ያበላሽብናል። ከዚያ በየጊዜው ትንሽ አየር እየቀዳን ከባዱን አቶም ከቀላሉ በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ እናያለን። የቀረው ኦክስጅን እየከበደ ይሄዳል። ሳይቶክሮሙ ብቻውን ሲሠራ ልዩነቱ፣ ማለትም ከባዱ ከቀላሉ ያነሰ የሚወሰድበት መጠን፣ 20 ከሺህ፣ አማራጩ ብቻውን ሲሠራ 30 ከሺህ ነው እንበል። ጤነኛው ቅጠል 23 ካሳየ፣ 30 በመቶው በአማራጩ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱን ጫፎች፣ 20ውንና 30ውን፣ ለማግኘት ግን አንዱን ወይም ሌላውን መንገድ በመርዝ መዝጋት አሁንም ያስፈልጋል፤ ይህን አልደብቅሽም።

አንድ ጊዜ 14 አገኘሁ። ከሁለቱም ጫፍ በታች! ቀኑን ሙሉ መሣሪያውን ስጠረጥር ዋልኩ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ያስገባሁት ወፍራም የሥር ቁራጭ ነበር። ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ሲቸገር ኢንዛይሙ ያገኘውን ሁሉ ይወስዳል። የራበው መቼ ያማርጣል? ስስ አድርጌ ስቆርጠው ቁጥሩ ተስተካከለ።

አንድ ቀን ዕድሉ ገጥሞሽ የጣናን እንቦጭ ብትለኪ፣ ስሱን ቅጠል ብቻ ውሰጂ። ያበጠውን አንገቱን ተዪው። ውስጡ አየር ስለቋጠረ ከዕቃው አየር ጋር ይደባለቅብሻል።