ይሄን ክፍል ልለፈው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዘ ኤክስ ፋይልስ የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከ1ኛው ሲዝን ጀምሬ እያየሁ 9ኛው መጨረሻ ላይ ደርሻለሁ። ወንድሜ «ሰንሻይን ዴይስ የሚለውን እለፊውና ወደ ማሳረጊያው ሂጂ፣ ከዋናው ታሪክ ጋር አይገናኝም» ይለኛል። ልለፈው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ኧረ እንዳታልፊው! ወንድምሽ ያለው ልክ ነው፣ ክፍሉ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የመንግሥት ሴራ የለ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የለ። እኔ የምወደው ግን ለዚሁ ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም ቪንስ ጊሊጋን ነው፣ በኋላ ብሬኪንግ ባድ የተባለውን ድራማ የፈጠረው። የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2002፣ ከማሳረጊያው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች በሌሊት ሰው ቤት ይገባሉ። ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት ነው። ውስጡ ግን የድሮው የቤተሰብ ኮሜዲ፣ የዘ ብራዲ በንች ቤት ቁጭ ብሏል፣ ደረጃው ሳይቀር። ከዚያ አንደኛው ልጅ በጣሪያው ተወርውሮ ይወጣና ይሞታል። የኤፍቢአይ መርማሪዎቹ ዶጌትና ሬየስ ሲያጣሩ እዚያ ብቻውን የሚኖር ኦሊቨር ማርቲን የሚባል ዝምተኛ ሰው ያገኛሉ። ያሰበውን ነገር እውን ማድረግ ይችላል። ስሙን እንኳ የወሰደው ከዚያው ኮሜዲ ነው።

ሰውየው ልጅ እያለ አንድ ተመራማሪ ኃይሉን ያጠናው ነበር፣ ልጁም እንደ አባት ወደደው። ኃይሉ ሲደክም ግን ተመራማሪው ጥሎት ሄደ። ያ ልጅ አድጎ ቤቱ ውስጥ የሠራው ምን ይመስልሻል? ከቴሌቪዥን ያየውን ቤተሰብ! ሰፈር ውስጥ ቲቪ ያለው ቤት በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ጎረቤት መስኮት ላይ ተለጥፎ የሰው ሳሎን ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ እዚያው አራት ኪሎ ያደጉ ትልልቆችን ጠይቂ።

ባልደረባቸው ስካሊ በበኩሏ ስንት ዓመት የለፋችበትን፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነገር እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ አገኘች። ኦሊቨርን ዋሽንግተን ወስደውት አለቃቸውን ስኪነርን ቢሮ ውስጥ አየር ላይ ያንሳፍፈዋል! ግን ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር ሰውነቱ እየከዳው ነው። የሚገርመው ሕመሙ ብቸኝነት መሆኑ የሚገባው ለዶጌት ነው፣ ለዚያ ምንም ነገር አላምን ለሚለው የቀድሞ ፖሊስ። ማስረጃውን ይዘው ይቀጥሉ ወይስ ሰውየውን ያድኑ የሚለውን አልነግርሽም፣ ራስሽ እዪው።

ከዚያ ወደ ማሳረጊያው ሂጂ፣ የስካሊ የድሮ አጋር ሞልደርም የሚመለሰው እዚያ ነው። በ2016 እና በ2018 የወጡት 10ኛና 11ኛ ሲዝኖች ትንሽ ቢቆዩሽ ይሻላል። ወንድምሽንም ጥሪውና አብራችሁ እዩት።