ቤንዚን የገባበት የናፍጣ መኪና፣ እርስ በርስ የሚላላኩ ሁለት መስኮቶች እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ናፍጣ ነው። ስልክ እያወራሁ በስህተት ቤንዚን ቀዳሁበት። 10 ሊትር ያህል ከገባ በኋላ ነው የነቃሁት። ሞተሩን አላስነሳሁም። አንዱ ሰው “ናፍጣ ሙላበትና ንዳው፣ ይሳሳል” አለኝ፤ ሌላው “ቁልፉን እንዳትነካ” አለኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይስሙ። ሞተሩን አለማስነሳት ብቻ አይበቃም፤ ቁልፉን ግማሽ ድረስ እንኳ አያዙሩ። በብዙ መኪኖች ላይ የዳሽቦርዱ መብራት ሲበራ ታንከሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ መሥራት ይጀምርና ነዳጁን ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። ማርሹን ዜሮ አድርገው፣ ሰው ረድቶዎት ገፍተው ዳር ያስይዙት። ማርሹ ያለ ቁልፍ ዜሮ የማይገባ አውቶማቲክ ከሆነ ባለበት ይተዉትና ለማደያው ሠራተኞች ይንገሯቸው፤ የሚጭን መኪና ይጠሩልዎታል።

“ይሳሳል” የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ እናውቃለን። አንዳንድ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች መመሪያ በከባድ ብርድ ወቅት ናፍጣው እንዳይረጋ ጥቂት ቤንዚን መቀላቀልን ይፈቅድ ነበር። ለእነዚያ ሞተሮች ይሠራ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ ጨምቀው ነው የሚረጩት፤ የጎማዎ ነፋስ 2 ባር ተኩል ገደማ ነውና ልዩነቱን አስቡት። በዚህ ጫና ውስጥ የሚፋተጉትን የፖምፓውን ብረቶች የሚያለሰልሳቸው ሌላ ዘይት የለም፤ ናፍጣው ራሱ ነው ቅባታቸው። ቤንዚን ሲገባ ያን ቅባት ያጥበዋል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ብናኙ ከነዳጁ ጋር ወደ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት አፍንጫዎች) ይሄዳል። ጉዳቱ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ከፖምፓው ጀምሮ እስከ ኢንጀክተሮቹ ሁሉም ሊለወጥ ይችላል።

እርስዎ ስላላስነሱት ሥራው ቀላል ነው። መካኒኩ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ያራግፋል፣ በጥቂት ንጹሕ ናፍጣ ያለቀልቀዋል፣ ፊልትሮውን ይለውጣል፣ ንጹሕ ናፍጣ ሞልቶ ከመስመሩ አየር ያስወጣል። ቢነዱት ኖሮ አሮጌውን ፊልትሮ ከፍቶ ውስጡን ማየት ያስፈልግ ነበር። የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ከተገኘበት ፖምፓው መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ማጠብ ብቻ አይበቃም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ የሚራገፈው ድብልቅ እንደ ቤንዚን እንጂ እንደ ናፍጣ አይያዝ። የናፍጣ ትነት በእሳት የሚያያዘው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ጭምር። በአፍ በጎማ መሳብ፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ማራገፍ፣ አጠገቡ መበየድ ፈጽሞ አይታሰብም።

በተቃራኒው ናፍጣ የቤንዚን መኪና ውስጥ ከገባ መኪናው ያጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላዎቹ ይጠቁራሉ። ታንከሩ ይራገፋል፣ ካንዴላዎቹ ይጸዳሉ ወይም ይለወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አያልፍም።

ጥያቄ፦ መታወቂያ ለማውጣት የመኖሪያ ማረጋገጫ አምጣ ተባልኩ። ማረጋገጫውን የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ መጀመሪያ መታወቂያ አሳይ ይላል። አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በየት በኩል ልግባ?

መልስ፦ ድካምዎ ይገባናል። ግን ስድስተኛውን ምልልስ በባዶ እጅ አይሂዱ። እንዲህ ያለው ቀለበት የሚኖረው በቃል ነው። እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ዝርዝር ብቻ ያያል፤ “አይሆንም” ሲል የተናገረውን የሚይዝ መዝገብ የለም። ጉዳዩን ወደ ወረቀት ያውርዱት።

መጀመሪያ የሁለቱንም ቢሮዎች የመስፈርት ዝርዝር ያንብቡ፤ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ይጠይቁ። የሚፈልጉት “ወይም” የምትለዋን ቃል ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ “መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት” እንደሚለው ያለ አማራጭ አለው፤ መስኮቱ ላይ የሚነገርዎት ግን የተለመደው ብቻ ነው። አማራጭ ካለው ቢሮ ይጀምሩ።

ከዚያ አንድ ገጽ የማትሞላ ማመልከቻ ይጻፉ። የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። ቀጥሎ በየትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ ምን እንደጠየቀዎት ይጥቀሱ፤ ምሬት አይጨምሩበት። መጨረሻ ላይ “ሌላ ማስረጃ እንድትቀበሉኝ፣ ካልሆነም የሚከለክለውን የመመሪያ አንቀጽ ጠቅሳችሁ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ” ብለው ይጠይቁ። ክብደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቃል “አይሆንም” ያለ ሠራተኛ አንቀጽ ጥቀስ ሲባል ኃላፊውን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ኃላፊው ደግሞ የሌላውን ቢሮ መስፈርት ከራሱ ጋር አብሮ የማየት ዕድል አለው።

በሁለት ኮፒ ያዘጋጁና መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእርስዎ ቀሪ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳያስመቱ አይውጡ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። መልሱን፣ እምቢታም ቢሆን፣ ለሁለተኛው ቢሮ ከሚያስገቡት ማመልከቻ ጋር ያያይዙት። ዋና ሰነድ አይተዉ፤ አሳይተው ኮፒውን ይስጡ። ጊዜያቸው የሚያልፍ ወረቀቶች ካሉ ቶሎ የሚያልፈውን መጨረሻ ላይ ያውጡ፤ አለበለዚያ አንዱን ሲያገኙ ሌላው ይሞትብዎታል። የስምዎን ፊደልም ከመስኮቱ ሳይርቁ ይመልከቱ። በአንድ ፊደል ስህተት ቀለበቱ እንደገና ይጀምራል።

ጥያቄ፦ “ለጀማሪ” የሚል የሥራ ማስታወቂያ የ5 ዓመት ልምድ፣ የሦስት ቀን ነጻ የሙከራ ሥራና የምዝገባ ክፍያ ይጠይቃል። ላመልክት?

መልስ፦ ሦስቱ አንድ አይደሉም። የልምዱ ነገር አያስደንግጥዎት። ፋስትኤፒአይ የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ የፈጠረው ሰባስቲያን ራሚሬዝ በ2020 እ.ኤ.አ. በፋስትኤፒአይ ከ4 ዓመት በላይ ልምድ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ማየቱን ጽፎ ነበር፤ ራሱ ከፈጠረው ገና አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ነበር። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ሁልጊዜ ሥራውን የሚያውቀው ሰው አይደለም። ዋናውን ሥራ መሥራት ከቻሉ ያመልክቱ።

የሙከራ ሥራ አንድ ሁለት ሰዓት ከሆነ ተገቢ ነው። ሦስት ቀን የሚፈጅና ለድርጅቱ በቀጥታ የሚጠቅም ከሆነ ግን ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። እንዲያሳጥሩት ወይም እንዲከፍሉ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ክፍያ የተጠየቀ ጊዜ ግን ያቁሙ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 181፣ አንቀጽ 7፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ሠራተኛውን እንዳያስከፍሉ በመርህ ደረጃ ይከለክላል። “ቼክ ልከንልሃል፣ ዕቃ ገዝተህ ትራፊውን መልስ” የሚልም አለ። ገንዘቡ ሂሳብዎ ላይ ታይቶ ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲመለስ የላኩት ከኪስዎ ይሆናል።

ሥራው እውነተኛ ከሆነም ሰዓቱን ያስሉ። የሳምንቱን ሰዓት በ52 አባዝተው ለ12 ያካፍሉ፤ 40 ሰዓት ወደ 173 የወር ሰዓት፣ 60 ሰዓት ደግሞ 260 ይሆናል። “አልፎ አልፎ ማምሸት አለ” ተብሎ 40ው 60 ከሆነ የሰዓት ክፍያዎ በሲሶ ወረደ።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ሞቶ ከጎረቤት መኪና ሳስነሳ ብልጭታው አስደነገጠኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምናልባት ጥቁሩን ገመድ መጨረሻ ላይ የሞተው ባትሪ ላይ አስረውት ይሆናል። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው ከሱ መራቅ አለበት። ቀዩን በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ በደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን በደህናው ነጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ባትሪው በሞተበት መኪና ሞተር ባዶ ብረት ላይ ያያይዙ። ሲፈቱ በተቃራኒው። በማግስቱ እንደገና ከሞተ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ቮልቴጅ ያስለኩ። 14 ቮልት አካባቢ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነውና ባትሪውን ያስፈትሹ፤ ከ13 በታች ከሆነ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ዲናሞውንና ቺንጋውን ያሳዩ።