ጥርስ በሌዘር ሲጠረብ ውሃው ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የመንጋጋ ጥርሴን ትል በልቶታል። ያየኝ ሐኪም ተቦርቡሮ ይሞላል ብሎኛል፤ እኔ ግን የማሽኑ ድምፅ ገና ከሩቅ ያንቀጠቅጠኛል። አዲስ አበባ ሄጄ በሌዘር ባሠራው ያለ መርፌ ይሆንልኛል? ነርቩንስ አይጎዳውም? እባካችሁ መልሱልኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ዓባይን ከመሻገርዎ በፊት ስልክ ይደውሉና «ሌዘራችሁ ኤርቢየም ነው ወይስ ዳዮድ?» ብለው ይጠይቁ። ዳዮድ የሚባለው ድድ ይቆርጣል፣ ደም ያቆማል እንጂ ጥርስ አይጠርብም። «ሌዘር አለን» የሚለውን ብቻ ሰምተው ቢሄዱ መንገዱን ሁሉ በከንቱ ይደክሙበታል። ለጥርስ በብዛት የሚያገለግለው የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖሜትር የሆነው ኤርቢየም ያግ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ለቡና የሚቆላውን ፈንዲሻ ያስቡ። በቆሎውን የሚያፈነዳው በውስጡ የታሰረው ውሃ ነው። ጥርስም በማዕድኑ መካከል ጥቂት ውሃ ይዟል፤ የኤርቢየም ብርሃን ደግሞ ውሃ አጥብቆ የሚመጥጠው ነው። ከ50 እስከ 300 ማይክሮሰከንድ በሚቆይ ምት ሲመታው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ማዕድኑን ፈንቅሎ ይወጣል። ጧ፣ ጧ የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። የመቦርቦሪያው ማሽን ጩኸትና ንዝረት የለም።

«ትል» የምንለው ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው። አሲዱ ያላላው ክፍል ውሃ ስለሚበዛበት በሌዘር ቶሎ ይነሣል። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን የሆነው ጤነኛው ኤናሜል (ጠንካራው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) ግን ቀስ እያለ ነው የሚጠረበው፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከለመዱት ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ።

ብዙ ሰው ያለ መርፌ ይጨርሳል፤ ጉድጓዱ ከጠለቀ ግን መርፌው ላይቀር ይችላል፣ አይጨነቁበት። የነርቩ ጉዳይ የሙቀት ጉዳይ ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) በጦጣዎች ላይ የተሠራ ጥናት የጥርሱ ውስጥ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ከጥርሶቹ 15 በመቶው እንደሞቱ አሳይቷል። ኤርቢየም ውሃ እየተረጨበት ከተሠራ ከዚህ በታች ይቆያል። ውሃ ሳይረጭ ሊጀምር ከቃጣ እጅዎን አንሥተው ያስቁሙት። ቀድሞ በአማልጋም (ሜርኩሪ ባለበት ብርማ መሙያ) የተሞላ ጥርስ ካለዎትም አስቀድመው ይንገሩ፤ አማልጋም በሌዘር ከተመታ የሜርኩሪ ትነት ያወጣል።

ጥያቄ፦ የጥርስ ባለሙያ ነኝ። በኤርቢየም ስሠራ ጥሩ ሲጠርብ ይቆይና መሐል ላይ ይደክማል፤ ዴንቲኑ (ከኤናሜል ሥር ያለው የጥርስ ክፍል) ላይም ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። ኃይሉን ብጨምረው ባሰበት። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ኃይል አይጨምሩ። ቡናማው ጠባሳ የተቃጠለ ኮላጅን (በዴንቲኑ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ነው፤ ውሃው በትክክል አልደረሰም ማለት ነው። ሌዘሩን ሳይተኩሱ ርጭቱን ብቻ ከፍተው ብርሃኑ የሚያርፍበት ነጥብ ላይ መውደቁን ይዩ። ጠብ፣ ጠብ የሚል ከሆነ የአየር ግፊቱ አንሷል፤ በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰር ከተጻፈበት ያነሰ አየር ነው የሚሰጠው። የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ ማዕድኑ ቀጭኑን ቀዳዳ ይደፍነዋል። የተጣራ ውሃ ብቻ ይሁን።

ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ ከተጠራቀመ ብርሃኑን እሱ ይመጥጠዋል፣ ጥርሱ አይነካም። መምጠጫውን ያስጠጉ።

ቀጥሎ ብርሃኑ የሚወጣበትን የእጀታውን ጫፍ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። የጨፈገገ ወይም የተቦደሰ ከሆነ ይቀይሩት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥርሱን ሲነካ ነው፤ ባለ ጫፍ እጀታ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ርቆ፣ አንድ ቦታ ሳይቆም እንደ መጥረጊያ መሄድ አለበት። ጫፍ የሌለው እጀታ ርቀቱ ይለያል፤ መመሪያውን ይከተሉ።

ለመነሻ፣ ለኤናሜል 250 ሚሊጁል በሰከንድ 15 ምት (3.75 ዋት)፣ ዴንቲን ሲደርሱ 150 ሚሊጁል በ10 ምት (1.5 ዋት) ይሞክሩ፤ ወደ ነርቩ ሲጠጉ ወደ 100 ሚሊጁል ይውረዱ። እጅዎ ጥርሱን ስለማይዳስስ መበስበሱ ማለቁን በየመሐሉ በእጅ መሣሪያ እየፋቁ ያረጋግጡ።

ከመሙላትዎ በፊት የላላውን ገጽ በእጅ መሣሪያ ያንሡ፤ ሌዘሩ ገጹን ቢያሻክረውም ኤናሜሉን በ37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ማከም አይቅር። የዓይን መከላከያው በላዩ 2,940 ናኖሜትር የተጻፈበት ይሁን፤ የዳዮዱን አይዋሱ፤ ለታካሚውም ለረዳትዎም ያድርጉላቸው።