በንፋስ ቀን ጣና ላይ ጀልባ ማቆም፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ቁንዝላ ያላችሁ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ። ንፋስ ሲነሳ መልህቅ ስለ መጣልና ወደ ወደብ ስለ መጠጋት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተቀራራቢውን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጅሙን አሳጥሬ እመልሳለሁ። የማወራው ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ስለሚሆኑ፣ ሞተራቸው ከኋላ ስለተንጠለጠለ ጀልባዎች ነው። ስለ ትልልቆቹ የጭነት ጀልባዎች ባለቤቶቻቸው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጸጥ ብሎ ያደረው ሐይቅ ከሰዓት ምን ነክቶት ነው የሚናወጠው?

መልስ፦ ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች። መሬት ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለሆነች ይህ ንፋስ የሚመጣባት ከሰሜን፣ ከውሃው ወደ ከተማው ነው። ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር በቀጥታ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሞገዱ ለመንደርደሪያ ቦታ አላጣም ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይ 9 ሜትር አካባቢ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱን ወጥተህ ሳትጨርስ ሌላው ይደርስብሃል። ክረምት ላይ ጥቁር ደመና ሲጠጋና ድንገት ቀዝቃዛ አየር ፊትህን ሲመታህ ደግሞ እወቅ፣ ከዝናቡ በፊት ንፋሱ ይደርሳል። ያኔ መልህቅ ከዕቃ ስር ፍለጋ አይገባም። በበጋ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ብትመለስ ከዚህ ሁሉ ራስ ምታት ግማሹን ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ መልህቅ 30 ኪሎ ነው። ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልቼ የሠራሁት ነው። ንፋስ ሲበረታ ግን ይጎተታል። 50 ኪሎ ላድርገው?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ ወገብህን ነው የምትጎዳው። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከክብደቱ አርባ በመቶ ያህሉን ያጣል። 30 ኪሎህ ታች ሲደርስ 17 ወይ 18 ኪሎ ነው። ብረት የሚያጣው 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ግን ችግሩ ኪሎው አይደለም። ማረሻ አፈር ውስጥ የሚገባው ስለከበደ ነው እንዴ? ሞፈሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ስለተያዘና በሬው ወደፊት ስለሚጎትተው ነው። መልህቅም እንደዚያው ነው። ጥፍሩ ጭቃውን ሲቆፍር ይይዛል፣ የሚጎትተው ገመድ ወደ ታች ተኝቶ ሲስበው ደግሞ ይበልጥ ይሰምጣል። ጣሳ ጥፍር የለውም፣ ይንሸራተታል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 ማረሻ የሚመስለውን መልህቅ ያወጣው ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበር። አውሮፕላን 50 ኪሎ ብረት ይዞ አይበርም። ቀላል ሆኖ የሚነክስ ነገር ነበር የተፈለገው።

ለሰባት ሜትር ጀልባ ከ7 እስከ 10 ኪሎ የሆነ፣ ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው የዳንፎርዝ ዓይነት መልህቅ ለጣና ጭቃ ጥሩ ነው። ብየዳ ቤት ካሠራኸው ምላሶቹ ከዘንጉ ጋር የሚፈጥሩት አንግል 30 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ቆመህ አስለካ። ከመልህቁ ቀጥሎ አራት አምስት ሜትር ሰንሰለት አድርግ። ሰንሰለቱ ገመዱን ወደ መሬት አስተኝቶ ይይዝልሃል፣ ድንጋይም ገመድህን አይቆርጠውም።

ጥያቄ፦ ገመዱ ስንት ሜትር ይሁን? እኔ 10 ሜትር አለኝ፣ የማቆመው አራት ሜትር ውሃ ላይ ነው።

መልስ፦ የጣና ትልቁ በሽታ ይኸው ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ሰው ገመድ ይሰስታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የውሃውን ጥልቀት ያዝ። ከውሃው ወለል እስከ ጀልባህ ፊት ያለውን ከፍታ ጨምርበት። ያንተ አራት ሜትርና አንድ ሜትር፣ አምስት ይሆናል። ጸጥ ባለ ቀን ለምሳ ለማቆም አምስት እጥፉን፣ 25 ሜትር ልቀቅ። ንፋስ ካለ ሰባት እጥፉን፣ 35 ሜትር። ሌሊት የምታድር ከሆነና ሰማዩ ካላማረህ አስር እጥፍ ልቀቅ፣ 50 ሜትር። ሦስት እጥፍ ብቻ ስትለቅ ገመዱ መልህቁን በ20 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይስበዋል። ሰባት እጥፍ ላይ ግን 8 ዲግሪ ገደማ ነው። 10 ሜትር ገመድህ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፣ በ30 ዲግሪ ይነቅለዋል። የምታደርገው መልህቅህን ማንሳት ነው እንጂ መጣል አይደለም።

የንፋስ ነገር ደግሞ ሰውን ያታልላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ንፋሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሰላም የነበረው ጀልባ በ30 ላይ ሌላ ጀልባ ነው።

ጥያቄ፦ አጣጣሉን ደረጃ በደረጃ ንገረን። ወርውሬ ነው የምለቀው።

መልስ፦ አትወርውረው። ፊትህን ወደ ንፋሱ አዙር። ማቆም ከምትፈልግበት ቦታ ገመድህ የሚያህል ወደ ንፋሱ እለፍ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ እስክትቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ከፊት በኩል መልህቁን በእጅህ ቀስ አድርገህ አውርደው። መሬት ሲነካ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ ገመዱ ይላላል። ገመዱን ዘርግፈህ እላዩ ላይ አትከምርበት። ንፋሱ ወደ ኋላ ሲወስድህ በዚያው ልክ ልቀቅ። ሦስት እጥፍ ላይ ለአፍታ ያዝ አድርገህ ጎተት አድርገው፣ ይነክሳል። የቀረውን ልቀቅና ፊት ላይ ካለው ብረት ላይ እሰር። በመጨረሻ የኋላ ማርሽ አስገብተህ ቀስ እያልክ ነዳጅ ጨምር። ገመዱ ተወጥሮ ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች ይዟል።

መያዙን ለማረጋገጥ ዳር ላይ ሁለት ነገር ምረጥ። አንድ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤት ጣሪያ ይበቃል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ቆይተው ከተለያዩ እየሄድክ ነው። ጀልባዋ ንፋሱ ላይ ግራና ቀኝ ስለምትወዛወዝ ግን አንዴ አይተህ አትደንግጥ፣ ተለያይተው ከቀሩ ነው ችግሩ። ሌላው መዳፍህን ተወጥሮ ያለው ገመድ ላይ አሳርፍ። የያዘ መልህቅ ገመድ ይወጠራል፣ ይላላል። የሚጎተት ግን ይንቀጠቀጣል፣ እርግፍግፍ ይላል። አንዴ የዳሰሰው ሰው አይረሳውም።

ጥያቄ፦ የትኛው ገመድ ይሻላል? ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊው ርካሽ ነው።

መልስ፦ ናይለን። ይለጠጣል፣ የሞገዱን ምት ይውጥልሃል። ሰማያዊው ፕላስቲክ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የሌላ ሰው ፕሮፔለር ውስጥም ይገባል። ፀሐይም ቶሎ ይሰባብረዋል። ለሰው መወርወሪያ ግን ሰማያዊው ጥሩ ነው፣ ስለሚንሳፈፍ።

ጥያቄ፦ ቁንዝላ በኩል ጥሩ ይይዛል፣ ደሴቶቹ ጋ ግን ወይ አይዝም ወይ አይነቀልም።

መልስ፦ በግልገል ዓባይ መግቢያ በኩል ወንዙ ያመጣው ደለል ነው፣ ለስላሳ ጭቃ። ምላሰ ሰፊው መልህቅ ይወደዋል፣ በደንብ እስኪሰምጥ ግን ጊዜ ስጠው። ደሴቶቹ ግን ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። እዚያ መልህቅህ ከስንጥቅ ከገባ መቅረቱ ነው። መፍትሔው መልህቁ ታች ጫፍ ላይ፣ በጥፍሮቹ በኩል ሌላ ቀጭን ገመድ ማሰር ነው። ከጥልቀቱ ትንሽ እንዲረዝም አድርገህ ጫፉ ላይ ባዶ ጀሪካን ተንሳፋፊ አድርግ። ሲጣበቅብህ በዚያ ገመድ ከኋላው ትስበዋለህ።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ መልህቁን ከኋላ ብጥለው ለእጄ ይቀርበኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የጀልባህ ኋላ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተሩም ተሳፋሪውም የሚከብደው እዚያው ነው። ሞገድ በዚያ በኩል ሲመጣ ከፍ አትልለትም፣ ገመዱም ወደ ታች ይዟታል። ውሃው ይገባል፣ የገባው ውሃ ደግሞ ይበልጥ ያወርዳታል። በዚህ ምክንያት የሰመጡ ትንንሽ ጀልባዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ከፊት፣ ሁልጊዜ ከፊት።

ጥያቄ፦ እኔ ቱሪስት የማመላልስ ነኝ። ከሰዓት ባሕር ዳር ስደርስ ንፋሱ ከኋላ እየገፋ ከወደቡ ጋር ያላትመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ስድስት ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

በመጀመሪያ ከወደቡ ራቅ ብለሽ ቁሚ። ባንዲራ ካለ ባንዲራውን፣ የሌሎቹን ጀልባዎች አቀማመጥ፣ የሞገዱን አመጣጥ እዪ። ገመድሽን ሁለቱም ጫፍ ላይ አሰናጅ። ግጭት የሚመክቱልሽን ጎማዎች በምትጠጊበት ጎን አውርጂ። ተሳፋሪ ይቀመጥ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ንፋሱ ቀላል ከሆነ ከወደቡ ጋር ትይዩ ሆነሽ፣ የአንድ ጀልባ ስፋት ያህል ርቀሽ ሙሉ በሙሉ ቁሚ። የቀረውን ንፋሱ ራሱ ያመጣሻል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እየሄደ ወደ ወደቡ ማዞሩ ነው። በራሱ ፍጥነት ላይ የንፋሱን ይጨምርበታል።

ሞገድ ካለ ግን ጎንሽን ለወደቡ ሰጥተሽ አትቆሚ። ሲያላጋሽ ይውላል። ያኔ ፊትሽን ወደ ሐይቁ አዙረሽ ከወደቡ 30 ወይ 40 ሜትር ላይ መልህቅ ጣዪ። እንዲይዝ አድርጊ። ከዚያ ገመዱን ቀስ እያልሽ እየለቀቅሽ በኋላሽ ወደ ወደቡ ውረጂ። ኋላሽ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረው የመልህቁን ገመድ እሰሪ። አንድ ረዳት ሁለት ገመድ ከኋላ ግራና ቀኝ ወደ ወደቡ ይስጥ። ሞገዱን የምትቀበዪው በፊትሽ ነው፣ ፕሮፔለሩም ድንጋይ አይነካም። ተሳፋሪ ሲወርድ የኋላውን ገመድ ትንሽ ሳብ ታደርጊያለሽ፣ ሲጨርሱ ትለቂዋለሽ። ለመውጣትም ሞተር ብዙም አያስፈልግሽ፣ የመልህቅሽን ገመድ እየሳብሽ ትወጫለሽ። ቦታው ጠባብ ሆኖ ገመድሽ የሌሎችን መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ግን ቀድመሽ ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ በተቃራኒው፣ ንፋሱ ከወደቡ ሲገፋኝስ? ደሴት ከልሎኝ ስጠጋ ፊቴን ያዞረዋል።

መልስ፦ የሰሜን ንፋስ ሲነፍስ በደሴቶቹ ደቡብ በኩል የሚገጥመው ነው። ሞገድ የለም፣ ግን ንፋሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ትይዩ ሆነህ ቀስ ብለህ ከመጣህ አትደርስም። ወደ 45 ዲግሪ አድርገህ ፊትህን ወደ ወደቡ ስጥ። ከፊት አንድ ገመድ ቶሎ አስይዝና ገመዱን ወደ ኋላህ በኩል ባለው የወደቡ ምሰሶ ላይ እሰረው። ፊትህ ላይ ጎማ ይኑር። ከዚያ የፊት ማርሽ በዝቅተኛው። መሪህ ክብ ከሆነ ከወደቡ በተቃራኒ አዙር። በእጅ የሚያዝ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ወደ ወደቡ ግፋ። ገመዱ ወደፊት እንዳትሄድ ይይዝሃል፣ ሞተሩ ኋላህን እየገፋ ያስጠጋሃል። ማርሹን ሳታወጣ የኋላውን ገመድ እሰር። ብቻህን ለምትሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የገዳም አገልጋይ ነኝ። ማቆሚያችን ላይ መስከረም ያሰሩት ጀልባ ግንቦት ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አባ፣ ይባርኩኝ። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ነው። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ምሰሶው ላይ አንድ ቀለበት አይበቃዎትም፣ ከላይና ከታች ሦስት ያድርጉ። ጎማዎቹንም ተኝተው ሳይሆን ቁመው፣ እስከ ታች ድረስ ተደርድረው እንዲንጠለጠሉ ያድርጉ። ጀልባ ውሃው ሲጎድል ጎማው ስር ገብቶ ጠርዙ ሲሰበር ይታያል። ሚስማርና የወጣ ብሎን ካለም ያስመቱልኝ።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪዎች በእጅና በእግራቸው ወደቡን ሊገፉ ይነሳሉ።

መልስ፦ ተቆጣቸው። አንድ ቶን የሚመዝን ጀልባ በእግር አይቆምም፣ እግሩ ነው የሚሰበረው። አንድ ጎማ በገመድ አስይዘህ ለረዳትህ ስጠው፣ በሚነካው ቦታ ላይ ያስገባዋል። ላይፍ ጃኬት ደግሞ ወደቡ ላይ ሳይደርሱ አይወልቅም። ውሃ ውስጥ የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ ሊወርድ ሲነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሬ 15 ፈረስ ጉልበት ነው ተብዬ ገዛሁ። በንፋስ ላይ ግን አቅም አነሰው። ተታለልኩ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ወለል በ1,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ደግሞ አየር ይበላል። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ 15ቱ እዚህ 12 ተኩል አካባቢ ነው። መጠኑ ትንሽ ያነሰ ፕሮፔለር ብታስገባለት ይሻለዋል። ስትጠጋ ግን «ከባሰ፣ በኋላ ማርሹ አቆማታለሁ» ብለህ አትተማመን።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ባለበት መልህቅ መጣል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን አትደር። ንፋስ ሲነሳ ምንጣፉ ተቆርጦ ይሄዳል፣ ገመድህ ላይ ይከማቻል። የሚጎትተው ያንተ ጀልባ ብቻ መሆኑ ይቀርና መልህቁ ይነቀላል። ፕሮፔለሩን ከያዘብህ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ከዚያ ሞተሩን ቀና አድርገህ በእጅህ አውጣው። መልህቅህ በዚያን ጊዜ ወርዶ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ እያወጣህ ዳር ድንጋይ ላይ ትደርሳለህ።

ጥያቄ፦ አያ፣ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ ቢጠፋብኝ መጀመሪያ ምን ልንካ? ቤንዚኑን ወይስ ካንዴላውን?

መልስ፦ መልህቁን። ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ላይ ነህ፣ 60 ሜትር ገመድ ካለህ የትም ብትሆን መሬት ይነካል። ፊትህ ወደ ንፋሱ ይዞራል፣ ጎንህን ሞገድ አይመታህም። ሰው ይረጋጋል። ከዚያ ቤንዚኑ አለ ወይ፣ የታንኩ የአየር መተንፈሻ ተከፍቷል ወይ፣ የማጥፊያው ገመድ ወልቆ እንደሆነ እይ። ካንዴላው የመጨረሻው ነው።