ካልሲየም ሲጨምር የምትለኩት የትኛውን ቫይታሚን ዲ ነው?

ለወጣት የላብራቶሪና የሕክምና ባልደረቦቼ፣

የምርመራ ወረቀቱ ላይ «ቫይታሚን ዲ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያዘዘው ሰው ቅር ቢለው ይበለው።

ግን አትቸኩሉ። ካልሲየም ከፍ ብሎ ከተገኘ ድገሙት፤ አልቡሚኑንም (ደም ውስጥ ካልሲየም የሚሸከመውን ፕሮቲን) እዩ። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ደም ከተቀዳ ቁጥሩ ያለ በሽታ ከፍ ሊል ይችላል። ቀጥሎ ካልሲየምን ከፍ የሚያደርገው ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካ። እሱ ከፍ ካለ፣ ወይም መውረድ ሲገባው ካልወረደ፣ በአብዛኛው ችግሩ ያለው ፓራታይሮይድ ዕጢ ላይ ነው። ቫይታሚን ዲ ዋና ተጠርጣሪ የሚሆነው ሆርሞኑ ወርዶ ሲገኝ ነው። ያኔም ቢሆን ካንሰር አይረሳ።

ጉበት የሚሠራው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ደም ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ የሰውነትን ክምችት ያሳያል። ከ150 ናኖግራም በሚሊሊትር ካለፈና ካልሲየሙም ከፍ ካለ የቫይታሚን መመረዝን ጠርጥሩ። ታዲያ «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ቫይታሚንን ከመድኃኒት አይቆጥረውም። «ጠብታስ? መርፌስ? ጉልበት ይሰጣል የተባለ ክኒንስ?» በሉት።

ሁለተኛው ሰውነት በቀጥታ የሚሠራበት 1፣25-ዳይሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ነው። ዋናው ሠሪው ኩላሊት ሲሆን ዕድሜው በሰዓታት ይቆጠራል። ሳርኮይዶሲስ (በተለይ ሳንባን የሚያጠቃ የብግነት በሽታ)፣ ቲቢና አንዳንድ ሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ላይ ግን ከኩላሊት ውጭ ያሉ ሕዋሳት ልጓም በሌለው መንገድ ያመርቱታል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሸወዱት። 25ቱ ብቻ ተለክቶ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ «እጥረት አለበት» ተብሎ ቫይታሚን ይታዘዛል፤ ካልሲየሙ ጭራሽ ይብሳል። ካልሲትሪዮል (1፣25ቱን ራሱን በመድኃኒት መልክ) የሚወስድ ሰውም 25ቱ ደህና ሆኖ 1፣25ቱ ሊጨምርበት ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። እጥረትን በ1፣25 አትለኩ። ክምችቱ ሲያልቅ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ኩላሊትን ስለሚገፋው ቁጥሩ ደህና፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ይመስላል።

1፣25ቱ ከፍ ብሎ ምንም በሽታ ካልተገኘ፣ በተለይ ከልጅነት ጀምሮ የኩላሊት ጠጠር ካለ፣ 24፣25-ዳይሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲን አስቡ። ቫይታሚን ዲን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በዘር ጉድለት ሲደክም ይሄኛው ይወርዳል፤ ከ25ቱ ጋር ያለው ጥምርታም ይዛባል። በሽታው ከዚህ ኢንዛይም ዘረመል ጋር የተያያዘው በ2011 ነው። 24፣25ቱ የሚለካው በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ ዘዴ) ስለሆነ ሁሉም ላብራቶሪ አይሠራውም። የእናንተ የማይሠራው ከሆነ ናሙናውን ወደሚሠራው ላኩት፤ ስትልኩም የካልሲየሙንና የሆርሞኑን ውጤት አብራችሁ ጻፉ።