«አልወፍርም» ለምትሉኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ ደም መመርመር ነበር። ስለዚህ ስለ ምግብ ስጽፍላችሁ እንደ ሐኪም ሳይሆን ቱቦውን በእጁ ይዞ እንዳየ የላብራቶሪ ሰው አድርጋችሁ አንብቡኝ።

የተቀዳ ደም ሴንትሪፉጅ ውስጥ ገብቶ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ጠራ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ሴረም እንለዋለን። በፋሲካና በገና ሰሞን ግን አንዳንዱ ቱቦ ሲወጣ ላዩ ነጭ ሆኖ ደፍርሶ ይገኛል። ከጀርባው ወረቀት ብታደርጉ ጽሑፉ አይነበብም። ያ የታካሚው ጮማና ክትፎ ነው፤ ስቡ ከአንጀት ተነሥቶ በደም ሲጓዝ ያዝነው ማለት ነው። የብዙ ምርመራ ውጤት ስለሚያዛባ «ነገ በባዶ ሆድህ ተመለስ» ብለን እንሸኘዋለን። ከነዚህ ውስጥ ቀጫጭን ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም። «እኔ እኮ ብበላም አልወፍርም» ይሉን ነበር። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ይኸው አነጋገር ነው።

ውፍረት ከውጭ ይታያል፤ የደም ስር ጉዳት ግን አይታይም። ደም ስሮቻችንን ከውስጥ የሚለብጣቸው አንድ ረድፍ ሴል ብቻ ነው፤ ኢንዶቴልየም ይባላል። ይህ ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ ደም ስሩ እንዲላላና እንዲሰፋ ያደርጋል። የዚህን ጋዝ ሥራ የደረሱበት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። እናቶቻችን ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያሰሱት እንጀራው እንዳይዝ ነው፤ ጤነኛ ኢንዶቴልየምም እንደዚያው ነው፣ ደሙ ሲያልፍ ምንም አይዝበትም።

በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ቮገልና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን 50 ግራም ስብ ያለበት ቁርስ አበሏቸው። ከዚያ የክንዳቸው ደም ስር ምን ያህል እንደሚሰፋ በአልትራሳውንድ ለኩ። የመስፋት አቅሙ ቀነሰ፤ ለአራት ሰዓት ያህልም እንደቀነሰ ቆየ። ካሎሪው እኩል የሆነ፣ ስብ የሌለበት ቁርስ ሲበሉ ግን ለውጥ አልታየም። ልብ በሉ፣ ይህ የአንድ ገበታ ነገር ነው። በማግስቱ ቆጥበው ከበሉ ደም ስሩ ይመለሳል። ገበታው በየቀኑ ሲደገም ግን ጉዳዩ ወደ ዘረመል ይሻገራል።

ብዙ ሰው ዘረመል ሲባል ከወላጅ የወረሰው፣ የማይነቃነቅ ዕጣ ይመስለዋል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያለው ዘረመል አንድ ዓይነት ቢሆንም የትኛው እንደሚሠራና የትኛው እንደሚተኛ የሚወሰነው ሴሉ በሚደርሰው ምልክት ነው፤ ምግብ አንዱ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ገበታ ሲደጋገም ኤልዲኤል የተባለው፣ በደም የሚጓዘው ኮሌስትሮል ይበዛና የደም ስር ግድግዳ ሥር ገብቶ ይበላሻል። ያን ጊዜ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን ወደ ሴሉ ኒውክሊየስ ዘልቆ ተኝተው የነበሩ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ከነሱ አንዱ ቪካም 1 ነው፤ የሴሉን ገጽ የሚያጣብቅ ያደርገዋል። የሚያልፉ ነጭ የደም ሴሎች ይያዛሉ፣ ወደ ግድግዳው ይገባሉ፣ የተበላሸውን ስብ ይውጡና እዚያው ይከማቻሉ። የደም ስር መጥበብ መነሻው ይህ ነው።

«ይሄ የሽማግሌ በሽታ ነው» እንዳትሉኝ። የኛ ቃኘው ሻለቃ በተዋጋበት በኮርያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር። ከአራቱ በሦስቱ ልብ ደም ስር ላይ ጉዳቱ ጀምሯል። ስፖርተኛ፣ ለውትድርና ጤነኛ ተብለው የተመረጡ ልጆች ናቸው እንግዲህ።

«ሁለት ወር ጾሜ አካክሰዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ጾሙን አደንቃለሁ፤ 55 ቀን ከቅቤና ከሥጋ መራቅ ለደም ስር ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የጀርመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት አስቡት። ለደም ስር በሽታ የተጋለጡ አይጦችን አራት ሳምንት ስብና ስኳር የበዛበት ምግብ አበሏቸው፤ ከዚያ አራት ሳምንት ወደ ተራው ምግብ መለሷቸው። በደማቸው ያለው ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ በረደ። መቅኒያቸው ውስጥ ያሉት የነጭ ደም ሴል እናቶች ግን ለውጡን ይዘው ቀሩ፣ ትንሽ ሲነኩ ከልክ በላይ ይቆጡ ነበር። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ሁሉም ነገር ምግቡ በተመለሰ ቀን አብሮ እንደማይመለስ ያሳያል። ደግሞስ የጾሙ ምግብ ራሱ በምን በስሎ ነው? በጀሪካን የሚሸጠው የሚረጋ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው የሚረጋ ስብ ነው። በሱ የተጠበሰ ሳምቡሳና ቺፕስ እየበሉ ጾምኩ ማለት ለነፍስ ይሆን ይሆናል፣ ለደም ስር ግን አይሆንም። ዘይቱ ተደጋግሞ ሲነድድማ ባይወራ ይሻላል።

ክትፎ ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከአሥር በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ በ2000 ካሎሪ ሲሰላ 22 ግራም ገደማ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ያልፈዋል። ክትፎ ቤት ስትቀመጡ «ቅቤው ይጨመርልህ?» ሲሏችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ። ለቤት ወጥ አቅም ካለ የኑግ ዘይት ይሻላል፤ ሽሮውም ምስሩም በሱ ያምራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤተሰባችሁ በ30ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዕድሜው በልብ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ለሐኪም ንገሩና ኮሌስትሮላችሁን አሁኑኑ ተመርመሩ፣ ቀጭን ብትሆኑም። ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅመው የጉበት ተቀባይ ከወላጅ ጎድሎ የሚወረስበት በሽታ አለ፤ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት ይህን ተቀባይ አግኝተው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጎመን ብቻ ቢበላም ኮሌስትሮሉ በበቂ አይወርድለትም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል።