አይዲያል ቆጥረሽ ኮንግሩዌንስ ቆጠርኩ አትበዪ

እህቴ፣ «ደሴ ነው ያለሁት፤ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን በሴሚግሩፕ ኮንግሩዌንስ ላቲስና በቫራይቲ ላይ ብሠራ ይከብደኛል? ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ርዕስ ቀይሪ» ብለዋል። አትቀይሪ፤ አብሽሪ። እኔ ኮምቦልቻ እያስተማርኩ፣ ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየወጣሁ ጨርሼዋለሁ። አንቺም አስተማሪ ሳትሆኚ አትቀሪም፤ ስለዚህ ትርጓሜውን በአንድ ትንፋሽ አልፌ ጊዜ የሚበላውን ልንገርሽ። ሴሚግሩፕ ማለት ማባዛት ያለው፣ ቅንፉ የትም ቢገባ ውጤቱ የማይለወጥበት ስብስብ ነው፤ ኮንግሩዌንስ ማባዛቱን ሳያፈርስ አባላቱን በምድብ የሚከፍል አከፋፈል ነው፤ የኮንግሩዌንስ ላቲስ እነዚህ አከፋፈሎች ከጠባቡ ወደ ሰፊው የሚደረደሩበት ሥርዓት ነው፤ ቫራይቲ ደግሞ የአባሎቹን ንዑስ ሴሚግሩፕ፣ ምስልና ቀጥታ ብዜት ሁሉ የሚይዝ የሴሚግሩፕ ቤተሰብ ነው።

1. ከግሩፕ (ገለልተኛ አባልና ለእያንዳንዱ አባል ተገላባጭ ካለው ሴሚግሩፕ) እና ከሪንግ (መደመርም ማባዛትም ካለው) ይዘሽው የመጣሽውን ልማድ እንደ ጫማ ደጅ ላይ አውልቂው። በግሩፕ ኖርማል ንዑስ ግሩፖቹን፣ በሪንግ አይዲያሎቹን ከቆጠርሽ ኮንግሩዌንሶቹን ጨርሰሻል። ሴሚግሩፕም አይዲያል፣ ማለትም ከየትኛውም አባል ጋር ቢባዛ ከውስጡ የማይወጣ ንዑስ ስብስብ፣ አለው፤ ከእያንዳንዱ አይዲያልም የሪስ ኮንግሩዌንስ ይወጣል፤ አይዲያሉን በአንድ ምድብ ጠቅልሎ ሌሎቹን ለየብቻ ይተዋል። እኔ ታዲያ አይዲያሎቹን ቆጥሬ ላቲሱን ጨረስኩት አልኩና አርባ ገጽ ጻፍኩ። ሰባት ወር ፈጀብኝ። አማካሪዬ «አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ማየቱን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

የዲፌንሱ ዕለት ከውጭ የመጣው ፈታኝ ጠመኔ አንሥቶ አራት በአራት የሆነ የማባዛት ሠንጠረዥ ጻፈ፦ የመጀመሪያው ረድፍ ሀ ሀ ሀ ሀ፣ ሁለተኛው ለ ለ ለ ለ፣ ሦስተኛው ሐ ሐ ሐ ሐ፣ አራተኛው መ መ መ መ። የትኞቹም ሁለት ሲባዙ ግራው ይወጣል ማለት ነው። «ስንት ኮንግሩዌንስ አለው?» አለኝ። ባዶ ያልሆነ አይዲያሉ ሙሉው ስብስብ ብቻ ስለሆነ፣ «ሁለት፤ ሁሉም ለየብቻ ወይም ሁሉም አንድ ላይ» አልኩ በልበ ሙሉነት። ሀን ከለ፣ ሐን ከመ ጋር በክብ አጠረና «ይህስ?» አለ። ሠንጠረዡን በዓይኔ ተከትዬ አየሁት፤ ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም አራቱን እንዳሻሽ ብትመድቢያቸው ምድቡ አይፈርስም። በጠቅላላው 15 ናቸው። ላቲሱ ዲስትሪቢዩቲቭ ነው (ሁለቱ የላቲስ ስሌቶች አንዱ በሌላው ላይ ይከፋፈላሉ) ያልኩበት ቴዎረም አብሮ ወደቀ፤ የ15ቱ ላቲስ ከዚያ የላላውን ሕግ እንኳ አያሟላም፣ ማለትም ሞጁላር እንኳ አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የደሴ ብርድ ነበር፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ።

2. ርዕሱን አጥብቢው። «የሴሚግሩፕ ቫራይቲዎች» ብለሽ ከጀመርሽ ዳርቻ የለውም። የሒሳብ ሊቁ ቢርክሆፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ቫራይቲ በእኩልታዎች የሚገለጽ መሆኑን ስላረጋገጠ ሁሉም በእኩልታ ይገዛል ብለሽ አትዘናጊ፤ ግሩፖች በሙሉ ተሰብስበው የሴሚግሩፕ ቫራይቲ አይሆኑም። ኢንቲጀሮች (አሉታዊዎቹን ጨምሮ ሙሉ ቁጥሮች) በመደመር ግሩፕ ናቸው፣ ውስጣቸው ያሉት 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚሄዱት ግን በመደመር ዝግ ሆነው፣ ዜሮና ተቃራኒ ስለሌላቸው፣ ግሩፕ አይደሉም፤ ቫራይቲ ቢሆን ግን ንዑሱንም መያዝ ነበረበት። (ይህችን ያለማንም እርዳታ በጊዜዋ ነቅቼባታለሁ፤ ትመዝገብልኝ።) ባንድ የሚባሉትን፣ ማለትም እያንዳንዱ አባል በራሱ ሲባዛ ራሱን የሚሰጥባቸውን ብትይዢ ይሻልሻል። የእነሱን ቫራይቲዎች ላቲስ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ቢርዩኮቭ፣ ፌነሞርና ገርሃርድ በየፊናቸው ሙሉ በሙሉ ገልጸውታል፤ የምትደገፊበት ግንብ አለሽ።

እኔን ያዳነኝ ከባንዶች ሁሉ ቀላሉ፣ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ትንሹ የሚሆንበት ሰንሰለት ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ የሚጠብቁ አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል በዪ። በመካከላቸው አራት ክፍተት አለ፤ እያንዳንዱን ትቆርጫለሽ ወይም ትተዪዋለሽ፤ ሳይቆረጡ የቀሩት ጎረቤቶች አንድ ምድብ ይሆናሉ። 16 ኮንግሩዌንስ። የእኔ የአይዲያል ቆጠራ 5 ነበር የሚሰጠው። አርባውን ገጽ ቀድጄ በዚህ ላይ እንደገና ሠራሁት። ሰንሰለቱ ሲያምርልሽ ግን ስለ ሴሚላቲሶች (የማባዛት ቅደም ተከተል ለውጥ ስለማያመጣባቸው ባንዶች) ሁሉ ቃል እንዳትገቢ፤ ፍሪስና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1973 የእነሱ ኮንግሩዌንስ ላቲሶች በጋራ የሚያከብሩት አንዳችም ቁም ነገር ያለው የላቲስ እኩልታ እንደሌለ አሳይተዋል።

3. ሦስተኛው ስለ ሶፍትዌር ነበር፣ ነገር ግን ቢሮውን ሳላነሣ አላልፍም። የታረመውን ጽሑፍ ሳስገባ አንዲት ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ በማስመሪያ ኅዳጉን ለካችና «ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይጎድላል» ብላ መለሰችልኝ። በማግሥቱ የሽፋኑ ፊደል ነው ተባለ። ሦስት ጊዜ ከኮምቦልቻ ተመላለስኩ። ሐሰተኛውን ቴዎረም የያዘውን ጽሑፍ ግን ያው ቢሮ በመጀመሪያው ቀን ማኅተም መትቶ ነበር የተቀበለኝ! የኅዳጉን ልክ ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ ጠይቂያቸው።

ሶፍትዌሩ ጋፕ (GAP) ይባላል፤ ነጻ ነው፣ ሴሚግሩፖችን የሚሠሩ ተጨማሪ ጥቅሎች አሉት፣ እስከ 8 አባላት ያሏቸው ሴሚግሩፖች በሙሉ ተሰድረው ይገኙበታል። አራት አባላት ያሏቸው፣ የግራና ቀኝ ግልባጫቸው እንደ አንድ ተቆጥሮ፣ 126 ብቻ ናቸው። አንድ ምሽት ቢፈተሹ ኖሮ ያ ሠንጠረዥ ፈታኙን ሳይጠብቅ ያጋልጠኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ እወጣለሁ። የሰንሰለቱን ማስታወሻ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ።